ውርጭ ያላገኘው ካሚቻ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ዳንግላ ላይ ምሳ አብልተው ሸኙኝ። ምሳው ጥሩ ነበር፤ እሱን አልክድም። ከምሳው በኋላ ጋቢ አለበሱኝ፣ አጨበጨቡልኝ፣ «ዕድሜ ይስጥህ» ተባልኩ። ጋቢውን ገዝቶ በገዛ እጁ ያለበሰኝ የባላምባራስ ደርሶ ልጅ ነው። አሁን እሱም ሸብቷል፤ የእህል ነጋዴ ሆኗል፤ መኪናዎቹን ስጠግንለት የኖርኩ ሰው ነኝና ውለታ መመለሱ ይሆናል አልኩ። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሰውየው ንግግር ላድርግ ብሎ ተነሣ። ስለ እኔ ትንሽ አለና ወደ አባቱ ዞረ። «ቱርቦ የሚባለውን ነገር ቆሰበር ያስገባው አባቴ ነው። ምን ያደርጋል! ያ ቀጥቃጭ ታፈረ በዓይኑ በላበት!» አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አብረውኝ የሠሩ፣ እጃቸው በግራሶ የጠቆረ መካኒኮች ሳይቀሩ ሳቁ። ደሜ ፈላ። ተነሣሁ።

ተነሥቼ ያልኩትን ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩን ከሥሩ ስሙኝ። አያ ታፈረን ሳታውቁ «ቡዳ በላው» ሲባል ሰምታችሁ የሳቃችሁ ሁሉ፣ እናንተንም ጭምር ነው የምቆጣው።

ሥራ የጀመርኩት በንጉሡ ዘመን፣ በመንገድ ሥራ ካምፕ ጋራዥ ውስጥ ነው። አለቃችን ከመኪና ይልቅ ወረቀት የሚወድ ሰው ነበር። አንዲት ብሎን ለማውጣት ፊርማ፣ የወጣችዋን ብሎን ለማሰር ሌላ ፊርማ። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ እሱንስ ቻልኩት፤ ግን የተበላሸ ሞተር ተከፍቶ አይቼ የማላውቅ መካኒክ ሆኜ ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ። በዚያን ጊዜ ሹፌሮች ሁሉ የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ነበር። «ሞተርህ ከሞተ ቆሰበር አያ ታፈረ ዘንድ ውሰደው» ይላሉ። ቆሰበር ማለት ዛሬ እንጅባራ የምትሏት ከተማ ናት። የጎረመስኩ፣ ሚስት ያገባሁ ሰው ነበርኩ፤ ቢሆንም ካምፑን ትቼ እንደ አዲስ ተማሪ ሄድኩ።

አያ ታፈረ ድምፃቸው ከወፍጮ ቤት ይበልጣል። ሲቆጡ በአማርኛ ይጀምሩና በአገውኛ ይጨርሳሉ፤ አገውኛ የማያውቅ ሹፌር ምን ተብሎ እንደተሰደበ ሳያውቅ አመስግኖ ይሄዳል። ከጣሊያን ጋራዥ የቀረ የቆዳ ካፖርት ነበራቸው፤ ዘይት ነካብኝ ብለው ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫሉ። መካኒክ ሆኖ ዘይት የሚጸየፍ ሰው እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሞተር ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በአመድና በሎሚ ይታጠባሉ። ጥድፊያ አያውቁም፤ ጥፍራቸው ሥር ሳይቀር፣ እስከ ክንዳቸው። ሰውየው መኪናው ቆሞበት እያለቀሰ እሳቸው ሎሚ ይጨምቃሉ። መጀመሪያ ቀን ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሃል?» አሉኝ።

«አያ፣ መቆሸሹ ላይቀር ለምን ይታጠባሉ?»

«ቁስል በቆሻሻ እጅ ትነካለህ?»

«ኧረ አልነካም።»

«እንግዲያስ ታጠብ! የተከፈተ ሞተር ቁስል ነው። አንዲት አሸዋ ገብታ የሰው መኪና ከምትገድል አንተ ሎሚ ብታባክን ይሻላል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አዲስ ብረት ሲመጣላቸው በገመድ አንጠልጥለው በቁልፍ ጫፍ ቷ ያደርጉታል። ደኅና ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና «ይኼ ይኑር» ወይም «ይኼን መልስለት» ይላሉ።

አባታቸው ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ማረሻውን ከእጁ ይቀበሉታል፣ በማረሻው ያርሳሉ፣ ያረሱትን ይበላሉ፤ ሠሪውን ግን ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ብለው እሱ ሲያልፍ ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍኑበታል። እፍረት የለም? በሠራው ብረት ጠግቦ እየበላ «ሲበላ አይየኝ» ይላል! አያ ታፈረ ሞተር ሲማሩ ከዚህ ስም የወጡ መስሏቸው ነበር። ጎበዝ መካኒክ ሲባሉ እውነትም ወጥተው ነበር፤ ባላምባራስ ደርሶ እስኪመጣ ድረስ።

ባላምባራስን አንቱ አለማለቴን ልብ ያለ ይታዘበኝ። አንቱ የምለውን ሰው መርጬ ነው።

ባላምባራስ ኑግና እህል በመኪና ጭኖ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ነበር። የዚያን ጊዜ መኪና ሁሉ ፈተናው አባይ ነው። ቁልቁለቱን ወርደው ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ያለውን ዳገት ስንቱ ሞተር እየተቃተተ፣ ረዳቱ ድንጋይ ከጎማው ኋላ እያደረገ፣ ቀኑን ሙሉ ይወጣዋል። ባላምባራስ መንገድ ሠርተው ከሚሄዱ ፈረንጆች አንድ ዕቃ ገዛ፤ ቱርቦ። የሞተሩ ጢስ ሲወጣ ያሽከረክረዋል፤ እሱ ደግሞ ነፋስ ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይከታል። ሹፌሮች ወናፍ አሉት፤ እውነትም ወናፍ ነው። ፈረንጁ አስሮለት ሄደ። መኪናው ጉልበት አገኘ፤ ዳገቱን ሲወጣ ሰው ቆሞ ያየዋል። ትንሽ ቆይቶ ግን ነጭ ጢስ ይተፋ፣ ውሃ ይጠጣ ጀመር።

ሹፌሩ ሞላ ወደ እኛ ይዞት መጣ። ሞላ የዳንግላ ልጅ ነው፤ ሲነዳ የሚያንጎራጉር፣ መኪናውን «እናቴ» እያለ የሚጠራ ጨዋታ አዋቂ። አያ ታፈረ ታጥበው ሞተሩን ከፈቱና በጣታቸው የሲሊንደሩን ግድግዳ ዳሰሱ። ሲሊንደር ፒስተኑ ሽቅብ ቁልቁል የሚልበት ጉድጓድ ነው።

«ይኼ ሞተር በገዛ ሳምባው ሲተነፍስ የኖረ ነው» አሉት ባላምባራስን። «አሁን ወናፍ አፉ ውስጥ ከተቱበት። ግድግዳው ለዚህ አልተሠራም፤ ሳስቷል። ወይ ወናፉን ያውርዱ፣ ወይ ግድግዳው ይጠንክር።»

«አጠንክረው!» አለ ባላምባራስ። ወናፉንስ እንዴት ያወርደዋል? አገር ያየለት ነገር ነው።

ግድግዳ የሚጠነክረው ካሚቻ በማስገባት ነው። ካሚቻ የምንለው ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባ ወፍራም የብረት ቱቦ ነው፤ ቃሉን ጣሊያኖች ትተውልን ሄዱ። አዲስ አበባ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት በልክ ተሠርቶ ይመጣል። ነገር ግን ካሚቻው ከጉድጓዱ በጣም በትንሹ መወፈር አለበት፤ በልኩ ከሆነ ይላወሳል። ከወፈረ ደግሞ እንዴት ይገባል? ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። አያ ታፈረ የሞተሩን አካል ከአዲስ ቅዳም ከተማ በሚመጣ ከሰል ቀስ አድርገው ያሞቁታል፤ ጉድጓዱ ይሰፋል። ካሚቻውን ደግሞ ሌሊቱን ከቤታቸው ጀርባ ሣሩ ላይ ለውርጭ ያሳድሩታል፤ ይጠባል። የኅዳርና የታኅሣሥ የቆሰበር ውርጭ ቀልድ አይደለም፤ ሲነጋ ሣሩ ነጭ ሆኖ እግርህ ሥር ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ የካሚቻ ሥራ የሚቀበሉት በእነዚያ ወራት ብቻ ነበር። «የፈረንጅ ማቀዝቀዣ ለምኔ? እግዜር በነፃ ሰጥቶኛል» ይላሉ።

ሲነጋጋ ካሚቻውን ከነውርጩ በጨርቅ ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ልቅቅ! ሹልክ ብሎ ይገባል። ወዲያው የሞቀው ሲበርድ፣ የበረደው ሲሞቅ ይተቃቀፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያላቅቃቸውም። መዶሻ የሚባል ነገር አጠገቡ አይደርስም። «ካሚቻ ላይ መዶሻ ያነሣ ከጋራዤ ይውጣ» ነው ቃላቸው። ብረቱ በጭንቅ ሲገባ ከንፈሩ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይጀምራል፤ ወናፍ ያለበት ሞተር ላይ ሲሆን ደግሞ ያ ስንጥቅ ወደ ታች መሮጡ አይቀርም።

የባላምባራስ ካሚቻዎች ከአዲስ አበባ መጡ። አያ አንድ በአንድ አንጠልጥለው ደወሏቸው፤ ሁሉም ጮኹ። ጉድጓዶቹን በእጅ መሞረጃ አስፍተን ጨረስን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ውርጭ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካሚቻዎቹን ሣሩ ላይ ደረደርናቸው። ይኼኔ ባላምባራስ መጣ።

አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ይኼን የመሰለ ዕቃ ደጅ ልታሳድሩት ነው?»

«አዎን፤ ውርጭ ያግኘው።»

«በቀጥቃጭ ደጅ? ዓይን ይጣልበት ብለህ ነው? ቤቴ ያድራል!»

አያ ታፈረ ያስረዳሉ፣ ይምላሉ፣ ይጮኻሉ፤ ማን ሰምቷቸው! አሽከሮቹ ካሚቻዎቹን ሰብስበው ወሰዱ። እኔም እንደ ሞኝ ቆሜ አያለሁ፤ ንብረቱ የሰውየው ነው፣ ምን ልበል?

በማግስቱ ጠዋት ሞኖብሎኩ፣ ማለት የሞተሩ አካል፣ ከሰል ላይ ሆኖ እየጠበቀ ባላምባራስ ካሚቻዎቹን በጋቢ ጠቅልሎ መጣ። በጋቢ! እንደ አራስ ልጅ! ምድጃው አጠገብ አሳድሯቸዋል። አያ ታፈረ ጋቢውን ገልጠው አንዱን ነኩት፤ ሞቅ ብሏል። ጩኸታቸውን ገበያ ድረስ የሰማ አለ።

«ምነው! ምነው ባላምባራስ! ብረት ይበርደዋል እንዴ?»

«እንዲያውም ደኅና አድሯል» አለ ሰውየው፣ አያፍርም።

«ዛሬ አይገባም። ዛሬ ይደር፣ ነገ ንጋት ላይ ይገባል።»

«ነገ የለም። ኑጉ ተጭኖ መሄድ አለበት፣ ሌላ ነጋዴ ይቀድመኛል። ከሰሉን ጨምርበትና አስገባው።»

«ከዚህ በላይ ባሞቀው ይጣመማል።»

«መዶሻ የለህም? የቀጥቃጭ ልጅ አይደለህ?»

አያ ዝም አሉ። ሲሰድቡ የማውቃቸው ሰው ዝም ሲሉ ያን ቀን ነው ያየሁት። ከዚያ ቀስ ብለው «ከዚህ ቤት አይገባም» አሉ።

ሞላ መሐል ገባ። «ባላምባራስ፣ አንድ ሌሊት እኮ ነው። በእግዜር ይሁንብዎ፣ የምነዳው እኔ ነኝ።»

«ትነዳለህ ወይስ ሌላ ሹፌር ልፈልግ?» አለው። ሞላ ልጆች አሉት። አንገቱን ደፋ።

ሞኖብሎኩን ጭነው ዳንግላ ወሰዱት። እዚያ መዶሻ የማይፈራ ሰው አላጡም፤ ካሚቻዎቹን እየቀጠቀጠ ከተተለት። ሞተሩ ተገጠመ፣ ኑጉ ተጫነ፣ ሞላ ሄደ። አያ ታፈረ መኪናው በደጃችን ሲያልፍ ሥራቸውን አቁመው ድምፁን ሰሙና «አይወጣውም» ብለው ተመለሱ። ይህችን ቃላቸውን የሰማ ሁሉ ኋላ ማስረጃ አደረጋት። አያችሁ? «አሟረተበት» ተባለ!

አባይን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር ውሃው ፈላ። ከአንዱ ካሚቻ ስንጥቅ እሳቱ ወደ ውሃው እየገባ ራዲያተሩን ይነፋው ነበር። ሞላ አቆመና ኮፈኑን ከፈተ፤ ጎማው ቱቦ ፈነዳ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ፊቱ ተረፈ፣ እጆቹ ግን ተቀቀሉ። የሰው ልጅ እጅ ነው! ለአንድ ሌሊት ውርጭ ሲባል!

ባላምባራስ ምን አለ መሰላችሁ? «ታፈረ በላብኝ» አለ። አንዴ ነው የተናገረው፤ የቀረውን አገሩ ጨረሰለት። ደንበኛ ቀረ። ሹፌሮች በደጃችን ሲያልፉ ኮፈን እንኳ አይከፍቱም። የአያ ታፈረ ሚስት እቴ የሻሽ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ስትሄድ ባለቅቤዎቹ ቅቤያቸውን በኮባ ይሸፍኑባት ጀመር። ክርስትና ያነሣችው ልጅ ታቦት ዕለት እናቱ ጎትታ ወሰደችባት። እቴ የሻሽ ያን ቀን መጥታ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አያ ሎሚ እየጨመቁ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ።

ሽማግሌ ይቀመጥልኝ ያሉት እሳቸው ናቸው። «ካሳ አልፈልግም፣ ይቅርታም አልፈልግም። አንዲት ቃል ነው የምፈልገው። ዓይን አይደለም፣ መዶሻ ነው ይበል» አሉ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ የተሰበረውም ሞኖብሎክ ተጭኖ መጣ። አገሩ ጉድ ለማየት ተሰበሰበ። ሞላም እጆቹ እስከ ክርን በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ሚስቱ ደግፋው መጣ።

አያ ታፈረ የሰው ዓይን እያየ እጃቸውን ታጠቡ፤ በአመድና በሎሚ፣ እንደ ልማዳቸው። ላምባ ካሚቻው ላይ ቀቡ፣ በጨርቅ አደረቁት፣ ኖራ ነሰነሱበት። ቆየት ሲል ነጩ ኖራ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ፤ ላምባው ከስንጥቁ እየተመለሰ ነው። መስመሩ ከላይ ከከንፈሩ፣ ልክ መዶሻው ከረገጠበት ጠባሳ ይነሣል። ልጅ እንኳ ያየዋል።

«እዩት!» አሉ አያ። «ዓይን እንዲህ ይረግጣል?»

ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው አዩ። ተያዩ። ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና ምን አለ? «እኛ ብረት አናውቅም። ዓይንም ይሁን መዶሻ የሆነው ሆኗል፤ ይቅር ተባባሉ።» አበስኩ ገበርኩ! ዓይንም ይሁን መዶሻ! የሰው ስም ተገድሎ «የሆነው ሆኗል»! ባላምባራስ ፈጥኖ «ይቅር ብያለሁ» አለ። እሱ ይቅር ባይ ሆነ፣ ይታያችሁ።

«የምልህን አልሰማህም?» አሉ አያ ታፈረ፤ እሳቸውም አንቱታውን ያን ዕለት አነሡበት። «ይቅር በለኝ አላልኩም። ቃሏን በል።» ባላምባራስ ትከሻውን ሰበቀና ዞረ።

እንግዲህ የዕርቅ ምግብ ተብሎ እንጀራ በድንች ወጥ ቀረበ። ሰው ከበበ። አያ ታፈረ ሲቀመጡ ግን ከጎናቸው የነበረው ፈቀቅ አለ፣ ሌላው ነጠላውን ወደ አፉ ሳበ፣ ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጡ። እየታረቁ ነው እኮ! ቁራሽ ሳይቀምሱ ሊነሡ ሲሉ ሞላ ሚስቱ የጠቀለለችለትን ጉርሻ በክንዱ ገፋ አድርጎ ተነሣ። ሰው መሐል አቋርጦ መጥቶ ፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«አያ ታፈረ፣ እጄ አይሠራም። ያጉርሱኝ።»

ሚስቱ «ሞላ!» ብላ ጮኸች። እሱ ዘወር አላለም።

አያ ትኩር ብለው አዩት። «ቆይ፣ እጄን ልታጠብ» አሉ። ኖራና ላምባ ነክቷቸዋል። አመዱን አቀረብኩ፣ ሎሚውን ሰነጠቅኩ። ጥፍራቸው ሥር ሳይቀር፣ እስከ ክንዳቸው። ያ ሁሉ ሰው እጃቸውን ያያል። ከዚያ እንጀራውን ቆረሱ፣ ድንቹን ጠቀለሉ፣ «ክፈት አፍህን፣ ደግሞ አታልቅስ» አሉት፤ የሚያለቅሱት ግን እሳቸው ነበሩ። ሞላ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ፣ «ይድገሙኝ» አለ። ትሪው ላይ ያለውን እስኪጨርስ አጎረሱት። ሌላ ማንም አልበላም።

ከዚያ በኋላ ሹፌሮች እየተመለሱ መጡ፤ ሹፌር የሚያምነው ሹፌርን ነው። ሌላው አገር ግን ወሬውን አልተወም። ሞላ መሪ ዳግመኛ አልጨበጠም፤ ጣቶቹ አልታጠፉለትም፤ ሚስቱ ጠላ እየሸጠች ልጆቹን አሳደገች። እኔ አያ ታፈረ እስኪያርፉ አብሬያቸው ሠራሁ፤ ቀጥሎ የዳንግላ ወፍጮዎችን ሞተር፣ ከዚያም የመንግሥት መኪናዎችን ይዤ ለጡረታ በቃሁ። አሁን ካሚቻው ከፋብሪካ ተሠርቶ በካርቶን ይመጣል፣ ጎበዞቹ በማሽን ይጨምቁታል፤ ይሁን። አያ ታፈረ ግን ያቺን ቃል ሳይሰሙ ሞቱ። በመጨረሻ ሰሞን «ምን አለ? አለ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። «አላለም አያ» እላለሁ።

ወደ ምሳው ልመለስ። ሰው ሁሉ እየሳቀ እኔ ተነሣሁ አልኳችሁ።

«መዶሻ ነው!» አልኩ። ሳቁ ቆመ። «ዓይን አይደለም፣ መዶሻ ነው! አባትህ ያላለውን አንተ በል።»

«ጋሼ፣ ተጫውቼ እኮ ነው» አለ የባላምባራስ ልጅ፤ ሰው መስክርልኝ ብሎ ዙሪያውን አየ።

«በል!»

አላለም። እንደ አባቱ ትከሻውን ሰበቀ። ያለበሰኝን ጋቢ ከላዬ ላይ አወለቅሁ፣ በሥርዓት አጣጥፌ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«እንካ፣ ያዝ» አልኩት። «እናንተ ቤት የሚበርደው ብረት ነው።»